ጉሙን የቻለው ስስ ልባስ

ጡረታ ወጥቼ ሰሜን ሸዋ፣ ቀየት ከምትባል ከተማ ከታናሽ እህቴ ከሸዋዬ ጋር መኖር ስጀምር፣ ሊጠይቀኝ የሚመጣው ዘመድ ሁሉ ያን ያህል ዘመን አዲስ አበባ ምን ስሠራ እንደኖርኩ ማወቅ ይፈልግ ነበር። ነርስ ነበርሽ? አስተማሪ ነበርሽ? እኔም ውሃ ስሰነጥቅ ነበር እላቸዋለሁ። አንድ ሽማግሌ አጎቴ ነገሩን ትንሽ አሰቡበትና፣ እንጨቱ ቢያልቅባችሁ ወደ ውሃ ዞራችሁ ማለት ነው አሉኝ። ሁላችንም ሳቅን። ይሁን እንጂ የኖርኩበት ሥራ በአንድ ቀልድ የሚያልፍ ስላልሆነ፣ ከመጀመሪያው ልናገረው።

ሥራ የገባሁት ብረት አልባሽ ሆኜ ነው። ትምህርቴን ጨርሼ አዲስ አበባ አክስቴ ዘንድ ስገባ፣ የወንበርና የአልጋ እግር የሚሠራ አንድ የብረታ ብረት ፋብሪካ ሠራተኛ ይፈልግ ነበር። የደረሰኝ ክፍል ጥሬው ብረት ገንዳ ውስጥ እየተነከረ ኒኬልና ክሮም የሚለብስበት ነው። የአሲዱ ሽታ ዓይን ያስለቅሳል። ጓንቱ ለወንድ እጅ የተሠራ ስለነበር ጣቶቼ ጫፉ ጋ አይደርሱም፤ ዕቃ ባነሳሁ ቁጥር ባዶው ጫፍ ይንጠለጠላል። ደመወዙ ከአክስቴ ቤት አላወጣኝም፤ ሥራውን ግን ወደድኩት። የዛገ ብረት ገብቶ መልክ የሚያሳይ ሆኖ ሲወጣ ማየት ደስ ይላል።

ፎርማናችን አቶ ደምሴ ንግግር የማያበዙ ሰው ነበሩ። ብረቱ ታጥቦ ሲወጣ ዘንበል አድርገው ይይዙትና ውሃው ላዩ ላይ እንዴት እንደሚወርድ ያያሉ። ውሃው እንደ ስስ ሻሽ ሳይቆራረጥ ከወረደ ብረቱ ንጹሕ ነው፤ ወደ ገንዳው ይገባል። አንድ ቦታ ላይ ሸሽቶ እንክብል ከሠራ ግን እዚያ ጋ ቅባት አለ ማለት ነው። የጣት አሻራ እንኳ ይበቃል። እንዲህ ያለውን ብረት ማን አጠበው ሳይሉ፣ ሳይቆጡ፣ ወደ ማጠቢያው ይመልሱታል። በተቆጡን ይሻል ነበር እንባባል ነበር፤ ዝም ብሎ መመለሱ ይበልጥ ይከብዳል። ልባስ የሚላጠው ከላይ ሳይሆን ከሥር ነው የሚለውን ነገር ያወቅሁት ከእሳቸው ነው።

ከዓመታት በኋላ ገበያውን የፕላስቲክ ወንበር ያዘውና የማልበሻው ክፍል ተዘጋ። የስንብት ወረቀት ይዘን ስንበተን፣ አቶ ደምሴ አንድ የዩኒቨርሲቲ መምህር ብረት ማልበስ የሚችል ሰው እየፈለጉ መሆናቸውን ሰምተው ኖሮ ስሜን ሰጡልኝ። እንዲህ ሆኖ ነው ዶክተር ምናሴ ዘንድ የቀረብኩት። እሳቸው የኬሚስትሪ ሰው ናቸው፤ ረጅም፣ ትንሽ ጎበጥ ያሉ። የትምህርት ማስረጃዬን አላዩም። አንድ ዝርግ ብረት፣ እኛ ፕሌት የምንለውን፣ ሰጡኝና ለማልበስ አዘጋጂው አሉኝ። አጠብኩት፣ ዘንበል አድርጌ ውሃውን አየሁት፣ አልወደድኩትም፣ መልሼ አጠብኩት። ማን እንዳስተማረኝ ጠየቁ። ነገርኳቸው። በማግስቱ ሥራ ጀመርኩ።

የዶክተር ሥራ ውሃን በኤሌክትሪክ ለሁለት መክፈል ነው። ሁለት ፕሌቶች ውሃ ውስጥ ይቆማሉ፤ ኮረንት ሲለቀቅ በአንደኛው ሃይድሮጅን፣ በሌላው ኦክስጅን ፍልቅ ፍልቅ እያለ ይወጣል። ሃይድሮጅኑ በታንከር ይጠራቀምና ኤሌክትሪክ ሲያስፈልግ ወደ ሌላ ሣጥን ገብቶ፣ ከአየር ጋር ተገናኝቶ፣ መልሶ ኮረንት ይሰጣል። ውሃውን የሚከፍለው ኮረንት ከፀሐይ የሚገኝ ስለሆነ፣ ፀሐይን ለክፉ ቀን ማስቀመጥ በሉት። ችግሩ ኦክስጅን የሚወጣበት ፕሌት ላይ ነው። እዚያ ጋ ውሃው በቀላሉ እንዲከፈል የሚያግዝ፣ ራሱ ግን የማያልቅ ነገር መኖር አለበት፤ ካታሊስት ይሉታል። የእኛ መሣሪያ ውስጥ አሲድ አለ፤ በዚያ በኩል አሲዱ ሌላውን ብረት ሁሉ ይበላዋል። የሚችለው ኢሪዲየም ነው፤ እሱ ደግሞ በዓለም ላይ ከወርቅ እጅግ ያነሰ ነው የሚገኘው። የእኛ ላቦራቶሪ የነበረው ሁሉ ከአውራ ጣት በማትበልጥ ብልቃጥ ውስጥ ነበር። ዶክተር ብልቃጧን ባነሱ ቁጥር፣ ይህ መሣሪያ በየገጠሩ ይዳረስ ቢባል በዓለም ያለው አይበቃም ይሉ ነበር። ሥራችን ልባሱን ማሳሳት ነበር። አሳስቶም እንዲቆይ ማድረግ።

እንዴት እንደሚሠራ ልንገራችሁ። ፕሌቱ ቲታኒየም ነው። መጀመሪያ በአሸዋ ይሻከራል፤ ከዚያ ብርሃኑ ጠፍቶ አመድ መልክ እስኪይዝ በአሲድ ይቀቀላል። የኢሪዲየሙ ጨው በአልኮል ይሟሟና ከቆርቆሮ ጨው ጋር ይቀላቀላል፤ ቆርቆሮው ርካሽ ስለሆነ ቦታ ይሞላል፣ ኢሪዲየሙን ይሸከማል። ይህን በለስላሳ ብሩሽ ወደ አንድ አቅጣጫ ብቻ እቀባለሁ። ይደርቃል፣ ምድጃ ይገባል፣ ይቀዘቅዛል። ሁለተኛው ቅብ የመጀመሪያውን አቋርጦ ይሄዳል። ብሩሹ ብዙ ከጠጣ ልባሱ በጋ እንዳገኘው የዋልካ መሬት ይሰነጣጠቃል። ከደረቀ ደግሞ ይዘላል፣ ባዶ ቦታ ይተዋል። በመጨረሻ እጄ ብሩሹ ምን ያህል እንደጠጣ በክብደቱ ያውቅ ነበር፤ ዓይኔ ግን ሁልጊዜ ይጠራጠራል።

ዶክተር ሁለት ልማድ ነበራቸው። አንደኛው፣ የሆነ ነገር ሲበላሽ ማን አበላሸው አይሉም፤ የተበላሸውን አንስተው ወደ መስኮቱ ይወስዱና «ምን ነገረሽ?» ይሉኛል። ፕሌቱ ማለታቸው ነው። መጀመሪያ ግራ ይገባኝ ነበር፤ በኋላ እኔም ተማሪዎቹን እንደዚያው እጠይቅ ጀመር። ሁለተኛው፣ አርብ አርብ ደህና ከሚሠሩት ፕሌቶች አንዱን መርጠው ይገድሉታል። እስኪቃጠል ድረስ ኮረንት ያጠጡታል፣ ከዚያ እንከፍተዋለን። ልቤ ያዝን ነበር፤ በአንዱ ፕሌት ላይ ስንት ቀን እንደለፋሁበት አውቃለሁ። እሳቸው ግን በር ላይ ቆመው ቆሏቸውን እየቆረጠሙ፣ ላቦራቶሪ ውስጥ መብላት ክልክል ነበርና፣ እኛ ካልገደልነው ሌላ ይገድለዋል፣ ያኔ ደግሞ አናይም ይላሉ።

ዓመታት እንዲህ ሄዱ። ቀድሞ አንድ ፕሌት ይፈጅ በነበረው ኢሪዲየም ብዙ ፕሌት ማልበስ ቻልን። ላቦራቶሪ ውስጥ ኮረንቱ ሳይቋረጥ ወራት ቆዩ። ያኔ ዶክተር ከላቦራቶሪ ውጭ እንየው አሉ። ቦታ ሲፈለግ አንድ ጤና ኬላ ተገኘ፤ ስለ ቦታው ሲነግሩኝ እጄ ላይ የነበረውን ዕቃ አስቀመጥኩ። ጊሼ ውስጥ፣ ከራቤል ከተማ ወጣ ብሎ፣ ደጋው አልቆ መሬቱ ወደ ቆላ በሚወርድበት ትከሻ ላይ ነው። የእናቴ ወገን ከዚያ ነው።

ጤና ኬላው መብራት አልነበረውም። የክትባቱ ፍሪጅ በነጭ ጋዝ ይሠራ ነበር፤ ክረምት መንገዱ ሲቆረጥ ጋዙም ይቆረጣል። ሶላርና ባትሪ ተተክሎ ነበር፤ ጉሙ ሲሰነብት ባትሪዎቹ አንድ በአንድ ሞቱ። ከላይ ደጋው ላይ፣ ጓሳ ያሉት ዘመዶቼ ይህን ሲሰሙ ደጋ ላይ ፍሪጅ ምን ያደርጋል፣ አገሩ ራሱ ፍሪጅ ነው ይላሉ። ያ ትከሻ ግን ሌላ ነው። ጉሙ ከሥር ከገደሉ ይወጣል፣ ሁሉን ይሸፍናል፤ ወዲያው ይገለጥና ፀሐይዋ የጣሪያውን ቆርቆሮ ታግለዋለች። ክትባት ደግሞ ሙቀት አይችልም።

በኅዳር ተከልነው። የጤና ኬላው ኃላፊ ሲስተር የሺመቤት የራቤል ልጅ ናት፤ ፈጣን፣ ነገር የማታስረዝም። ታንከሩ የት እንደሚቆም፣ እሳት ለምን እንደማይጠጋው፣ ፍሪጁ ሲቸገር የትኛው መብራት እንደሚበራ አንዴ ነግረናት ያዘችው። የአጥቢያው ካህን ጠበል ረጩበት፤ ውሃ ለሁለት ሲከፈል አይተው፣ እኛ ስንባርከው የኖርነው ውሃ ይህን ሁሉ ደብቆ ኖሯል አሉ። በጋው ሙሉ ሠራ። ሲስተር የሺ ስልክ በደወለች ቁጥር ዶክተር ስልኩን ሁላችንም እንድንሰማ ጮክ ያደርጉት ነበር። ሚያዝያና ግንቦትም አለፉ።

ነሐሴ ላይ በአጎራባቹ ቀበሌ ኩፍኝ ገባ። ዘመቻ ተባለና ክትባት መጣ፣ ፍሪጁ ሞላ። በዚያው ሰሞን ሲስተር የሺ ደወለች፤ ሃይድሮጅኑ እየቀነሰ ነው፣ ፀሐይ ስትወጣም እንደ ድሮው አይሞላም አለች። ዶክተርና እኔ በማግስቱ ተነሳን። መንገዱ ጭቃ ነበር፤ መኪናው ከራቤል አላለፈም፣ የቀረውን በበቅሎና በእግር ወረድን። ስንደርስ ፍሪጁ ከቆመ ቆይቷል። ሲስተር የሺ አንድ ብልቃጥ አውጥታ አሳየችን። ብልቃጡ ላይ ሙቀት ሲበዛበት የሚጠቁር ምልክት አለ። ጠቁሯል። ሌላ አወጣች፤ እሱም ጠቁሯል። ሁሉም እንደዚያው ነበር።

ቀኑ የክትባት ቀን ነበር። ሴቶቹ ግቢው ውስጥ ተቀምጠዋል፤ ከደጋው የወረዱ አሉ፣ ከቆላው ሌሊት ተነስተው የወጡ አሉ። ሲስተር የሺ ልትናገር ስትል ዶክተር እኔ ልናገር አሏት። ጃኬታቸው እስከ ክንዱ ጭቃ ነው። ክትባቱ እንደተበላሸ፣ የተበላሸ ደግሞ ለልጅ እንደማይሰጥ ነገሯቸው። አበራሽ የምትባል ከቆላው የመጣች፣ ልጇን አዝላ የቆመች ሴት ናት የመለሰችው። ድምጿን እንኳ ከፍ አላደረገችም።

«ታዲያ ይህን ሁሉ ዕቃ የተከላችሁት ለምን ነበር?»

«ለዛሬው ቀን ነበር» አሉ ዶክተር። «አልቻለም። ጥፋቱ የሲስተር አይደለም፤ ዕቃው የእኛ ነው። ሌላ መድኃኒት መጥቶ ልጅሽ እስኪከተብ ድረስ ከዚህ አልሄድም።»

አበራሽ ቆማ አየቻቸው። ከዚያ አንቀልባዋን አጥብቃ ወደ ቁልቁለቱ ዞረች። የቀሩትም ተከተሏት። የዚያን ዕለት ያየሁትን የሴቶቹን ጀርባ እስከ ዛሬ አልረሳውም። ከመካከላቸው የእናቴ ዘመዶች ነበሩ።

ሲስተር የሺና እኔ በዚያው በበቅሎ ተመለስን። ራቤል ደርሰን፣ ለምነን፣ በበረዶ ሣጥን ሌላ ክትባት አገኘን። የቀበሌው ሰዎች በየመንደሩ ልጅ ላኩ። ሴቶቹ ተመልሰው መጡ፤ ሁሉም አልመጡም፣ አበራሽ ግን መጣች። ልጇ ሲከተብ ዶክተር በር ላይ ቆመው ነበር። ስትወጣ አንገቷን ዝቅ አድርጋ አለፈች፣ እሳቸውም ቆባቸውን አነሱ። እግዚአብሔር ይመስገን፣ ኩፍኙ ወደዚያ ቀበሌ አልዘለቀም።

ክትባቱን ልናመጣ በሄድንባቸው ቀናት ዶክተር በርጩማ አስወጥተው ደጅ ተቀምጠው ነበር የዋሉት። ፊታቸው የኮረንት መለኪያው አለ። ስመለስ ነይ እይ አሉኝ። ጉሙ ሲመጣ የመለኪያው መርፌ ወደ ዜሮ ይወርዳል፤ እዚያም አይቆምም፣ ትንሽ ወደ ኋላ ያልፋል። ጉሙ ሲገለጥ መልሶ ይዘላል። ሲሸፍን፣ ሲገለጥ፣ ሲሸፍን፣ ቀኑን ሙሉ። ፕሌቱን ከፈትነው። ጥቁር መሆን የነበረበት ልባስ ቦታ ቦታው ላይ ነጥቶ ቲታኒየሙ ይታያል።

«ምን ነገረሽ?» አሉኝ፤ ግን መልስ አልጠበቁም። «አርብ አርብ ስንገድለው በኃይል ነበር የምንገድለው። በማቋረጥ ገድለነው አናውቅም። ላቦራቶሪ ውስጥ ጉም የለም።»

የዚያን ዕለት ከዶክተር ጋር ለመጀመሪያ ጊዜ ተከራከርን። ወፍራሙን ልባስ እንመልስ አልኩ። ኢሪዲየሙ ይለቅ፣ ይጥፋ፣ እነዚህ ሰዎች ዘመዶቼ ናቸው፤ የእኛ ትምህርት በእነሱ ልጆች አይሁን አልኩ። ዶክተር ፕሌቱን በጨርቅ ጠቅልለው አስቀመጡት። ይቆጣሉ ብዬ ጠብቄ ነበር።

«ልክ ነሽ» አሉ። «ለፍሪጁ ወፍራሙን እንመልሳለን። ከእንግዲህ በሕፃን መድኃኒት ላይ አንሞክርም። ስሱን ግን ከጎኑ ለብቻው እንተክለዋለን፤ ያው ጉም፣ ያችው ፀሐይ ትምታው። ሲሞትም ብቻውን ይሙት። ይህ ጤና ኬላ በወፍራሙ ይድናል፤ ወፍራሙ የማይደርሳቸው ሌሎች ግን ብዙ ናቸው።»

እንደዚያ አደረግን። ፍሪጁ በወፍራሙ ፕሌት ቀጠለ። ከጎኑ ትንሿ ሣጥን ለማንም ሳትጠቅም ጉም እየበላት ቆመች። እኛም አዲስ አበባ ጉም ሠራን፤ ኮረንቱን በየጊዜው የሚያቋርጥና የሚመልስ ማብሪያ ማጥፊያ ገጠምን። ከዚያ ወዲያ ወራት ሳይሆን ሳምንትም የማይሞላቸው ፕሌቶች በዙ።

መፍትሔው ከአንድ ቦታ አልመጣም። አንዱ ምድጃው ነው። ቀዝቀዝ ባለ ምድጃ የተጋገረ ልባስ ውሃውን ፈጥኖ ይከፍላል፣ ፈጥኖም ይሟሟል። በጋለው የተጋገረ ሥራው ቀርፋፋ ነው፤ ግን ጠንካራ ነው። በጣም ከጋለ ደግሞ ከሥር ያለው ቲታኒየም የራሱን ቅርፊት ያወጣና ኮረንቱን ይዘጋል። ትክክለኛው ሙቀት ያለበት ቦታ ጠባብ ነው፤ ብዙ ጊዜ አለፍነው፣ ብዙ ጊዜም ሳንደርስ ቀረን። ቅርፊቱን ለመከልከል ከኢሪዲየሙ በታች ሌላ የርካሽ ብረት ስስ ልባስ አስቀደምን። ሌላው ነገር ትንሽ ባትሪ ናት። ጉም ሲመጣ ኮረንቱ ወደ ኋላ እንዳይመለስ ለፕሌቱ ጥቂት ጥቂት ታጠጣዋለች። ዶክተር ያንቀላፋ፣ እንዳይተኛ ብቻ ይሉ ነበር።

በሚቀጥለው ክረምት ትንሿ ሣጥን ነሐሴን ሳታይ ሞተች። ተማሪዎቹ አዘኑ፤ ከእነሱ አንዱ ሥራውን ትቶ ሄደ። እኔም ደክሞኝ ነበር። ዶክተር የሞተውን ፕሌት መስኮት ላይ አስቀመጡትና ያሁኑ የሞተበት ቦታ ካለፈው የተለየ መሆኑን አሳዩኝ። ልባሱ አልሟሟም ነበር፤ የተላጠው ከሥር፣ ከዳሩ ነው። ይህንን እኔ አውቀዋለሁ አልኩ። ከአቶ ደምሴ ገንዳ ጀምሮ የማውቀው በሽታ ነው። የአሲድ ቅቅሉን አስረዘምን፣ ዳሩን በእጄ አሻከርኩት። ከዚያ በኋላ የመጣውን ክረምት ትንሿ ሣጥን አለፈችው። ሁለተኛውንም አለፈችው።

በመካከሉ ዶክተር ጡረታ ወጡ፤ ጉልበታቸውም ቁልቁለት አልችል አለ። የእኔም ጊዜ ቀርቦ ነበር። በመጨረሻው ዓመቴ ሐምሌ ላይ ጊሼ ወረድኩ፤ የፍሪጁ ወፍራም ፕሌት አርጅቶ መቀየር ነበረበት። በሌላ ወፍራም እንቀይረው ወይስ በስሱ የሚለውን መወሰን ነበረብን። ከጤና ኬላው በላይ ካለው ጉብታ ላይ ኔትወርክ ፈልጌ ለዶክተር ደወልኩ።

«እኔ እዚህ ሆኜ ምን አያለሁ?» አሉኝ። «ያለበስሽው አንቺ፣ ሁለት ክረምት ያየሽው አንቺ ነሽ። ወስኚ።»

ወርጄ ትንሿን ሣጥን ከፈትኳት። ፕሌቱን በንጹሕ ውሃ አለቅልቄ ወደ ብርሃኑ አወጣሁት። ከዳር እስከ ዳር ጥቁር ነው። በጥፍሬ ዳሩን ገፋሁት፤ ምንም አልተነሳም። ሲስተር የሺ በሩን ተደግፋ ታየኝ ነበር።

«ይታመናል፣ እትዬ አስካለ?» አለችኝ።

«እኔ አምኜዋለሁ» አልኳት። «ወፍራሙንም መለዋወጫ አድርጌ እተውልሻለሁ። አንቺ ደግሞ አምነሽ አትተይው፤ በየቀኑ እዪው።»

ገጠምነው። ሳምንቶች እዚያው ሰነበትኩ። ነሐሴ መጣ፣ ጉሙም መጣ፤ አንዳንዱን ቀን ከደጅ ሆኖ የግቢው አጥር አይታይም። መርፌው ይወርዳል፣ ከዜሮ ከፍ ብሎ ይቆማል፣ ይመለሳል። ታንከሩ አልጎደለም። አሁን እንዲህ ያሉ ስስ ፕሌቶች በመርሐቤቴ በኩል ባሉ ጤና ኬላዎችም ተተክለዋል፤ የሚያለብሷቸው ብሩሹን እኔ ያስያዝኳቸው ሴቶች ናቸው፣ ከእኔ የተሻለ እጅ ያላቸውም አሉ።

በዚያው ነሐሴ፣ በክትባቱ ቀን ጠዋት፣ ሴቶቹን ከማየታችን በፊት ሰማናቸው፤ ከሥር፣ ከጉሙ ውስጥ፣ የሕፃን ለቅሶና የሴቶች ወሬ እየቀረበ መጣ። ሲስተር የሺ ፍሪጁን ከፍታ የመጀመሪያውን ብልቃጥ አወጣችና ምልክቱን ለእኔም አሳየችኝ። ነጭ ነው። አንዲት ልጅ እግር እናት መቀነቷን እስክትፈታ ሕፃኗን እኔ ታቀፍኩላት። ሕፃኗ ስትወጋ እሪ አለች፤ የሚቀጥለው ሕፃን እሷን ሰምቶ ገና ሳይነካ ጀመረ፤ ግቢው በለቅሶ ተሞላ፣ እናቶቹም ይስቁ ጀመር። ጉሙ ያን ቀን እስከ ምሽት አልተነሳም። ሲስተር የሺ እስከ መጨረሻዋ ሕፃን ድረስ ከተበች።